የካቻቢቴ መንጋጋ

«አዎ፣ አጠር ያለ ነው። ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል፤ ግራ ጉንጩ አብጧል። ቡናማ ጃኬት ሊለብስ ይችላል። አደራ፣ ምንም ቢላችሁ እንዳትሰጡት።»

ሰውዬው ይህን የሰማው መታጠቢያ ቤት ውስጥ የጨው ውሃ በአፉ እንደሞላ ነው። መጀመሪያ ላይ ሴት ልጁ ስለ አንድ ሌባ የምታወራ መሰለው። ፖሊስ ጋ ደውላ ይሆናል ብሎም አሰበ፤ የማን ቤት ተዘርፎ ይሆን እያለ ጆሮውን አቆመ። ከዚያ ቀና ሲል መስታወቱ ውስጥ አጠር ያለ፣ ሽበት ጣል ጣል ያለበት፣ ግራ ጉንጩ እንደ ዳቦ ኩፍ ያለ ሰው ትክ ብሎ ሲያየው አገኘው። ቡናማው ጃኬት ከሰውየው ኋላ በሩ ላይ ተሰቅሏል። በድንጋጤ የጨው ውሃውን ዋጠው።

ልጁ የምትደውለው ፋርማሲዎች ጋ ነበር። ይሄኛው አራተኛው ነው። ሰፈሩ «ካቻቢቴ» የሚለው አባቷ ቁልፍ ሠሪ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከደረት ኪሱ ካቻቢቴ ተለይቶት ስለማያውቅ ስሙም ያው ሆኖ ቀረ። በነዚያ ሁሉ ዓመታት የሰው በር ሥር ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ወገቡን ያመዋል፤ ወገቡን ባመመው ቁጥር ኪኒን ይውጣል፤ ኪኒኑን ሐኪም ይዘዝለት መንገደኛ ይስጠው ጠይቆ አያውቅም ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት እግሮቹ አብጠው ጫማ እምቢ ሲሉት ልጁ እየጎተተች ሐኪም ፊት አስቀመጠችው። ሐኪሙ የምርመራ ወረቀቱን እያየ «ኩላሊቶችዎ በግማሽ ጉልበት ነው የሚሠሩት» አለው። «ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፊን፣ አስፕሪን፣ እነዚህ ከእንግዲህ በቤትዎ ደጃፍም እንዳያልፉ።» የተፈቀደለት ፓራሲታሞል ብቻ ነው፤ እሱም በልክ፣ በሰዓቱ። ካቻቢቴ ለፓራሲታሞል ንቀት አለው። «እሱ ጥርሴን ሰላም ብሎት ነው የሚያልፈው» ይላል።

ጥርሱ ከታች በግራ በኩል የመጨረሻው መንጋጋ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲነዘንዘው ቆይቶ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጆሮውን፣ አንገቱን፣ ግማሽ ጭንቅላቱን ጠቅልሎ ይዞታል። ልጁ ሁለት ጊዜ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አስይዛለት ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ደንበኛ በር ተቆልፎበት፣ እሱን ሊከፍት ሄዶ ቀረ። በሁለተኛው ቀን ዘነበ። ዣንጥላ እንዳለው ልጁ ብታስታውሰውም «ንፋስ አለ» አላት። የዛሬው ሦስተኛው ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ።

«ክሊኒኩ በር ላይ እጠብቅሃለሁ፣ አባዬ» አለችው ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እየጣለች። ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፤ ሰውን የምታየው በመስኮቷ ወረፋ የያዘ ይመስል ነው። «ፓራሲታሞሉን አሁን ወስደሃል። ቀጣዩ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሌላ ምንም የለም።»

«ምንም» አለ በትሕትና።

የደረጃው ኮቴ እስኪጠፋ ጠበቀ። ከዚያ ልጁ መድኃኒት የምትቆልፍበት የኮመዲኖ መሳቢያ ሥር ተንበረከከ። ቁልፉ ርካሽ ነው፤ እንዲያውም ሊሰድበው ፈለገ። በሽቦ ቁራጭ ሃያ ሴኮንድ አልፈጀበትም። መሳቢያው ውስጥ ቴርሞሜትር፣ ፋሻ፣ ሁለት የጉሮሮ ከረሜላና አንድ የታጠፈ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ላይ በልጁ ጽሑፍ «አባዬ፣ እንደምትከፍተው አውቃለሁ። የወሰድኩትን የት እንዳስቀመጥኩት አትጠይቀኝ» ይላል። ሕመሙ ባይኖር ኖሮ በኩራት ይስቅ ነበር። ከረሜላውን ጉንጩ ውስጥ ከተተና ወዲያው ተፋው፤ ጣፋጩ መንጋጋው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ውስጥ መብራት በራ።

የመጀመሪያው ፋርማሲ በር ገና ሲከፈት ከመደርደሪያው በስተጀርባ ያለችው ልጅ ፈገግ አለች። ቡናማ ጃኬት እንደለበሰ ትዝ ያለው ያኔ ነው። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ልጅዎ ደውላልን ነበር» አለችው በአክብሮት፤ በነጻ የአፍ መጉመጥመጫ ናሙና ሰጥታ ሸኘችው። ሁለተኛው ዋናውን መንገድ ተሻግሮ ነው። ጃኬቱን አውልቆ በክንዱ ያዘ፣ የማንበቢያ መነጽሩን አደረገ፣ ገና ሳይገባም ፊቱን ሐዘንተኛ አስመሰለ። «ለባለቤቴ ነው» አለ። «ጥርሷን በጣም ያማታል። ጠንከር ያለውን ስጠኝ።» ባለቤቱ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ በዚህ አንድ ጊዜ ብትረዳው እንደማትቀየመው እርግጠኛ ነበር። ፋርማሲስቱ ጉንጩን ለረጅም ጊዜ አየ። «እንዴት ያለ ፍቅር ነው» አለ በመጨረሻ። «እሳቸውን ያማቸዋል፣ ያበጠው የእርስዎ ጉንጭ!» ወረፋ የያዙት ሦስት ሴቶች ሳቁ። ካቻቢቴም አብሮ ሊስቅ አፉን ሲከፍት ነፋስ ገባበትና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ወደ ሱቁ ሄደ። ሱቅ ይባል እንጂ በልብስ ሰፊ ሱቅና በግድግዳ መካከል የገባች፣ አንድ ሰውና አንድ የቁልፍ መቅረጫ ማሽን ብቻ የምትይዝ ጠባብ ቦታ ናት። ግድግዳው ላይ ያልተቀረጹ ቁልፎች በረድፍ ተሰቅለዋል። ማሽኑን ሲያስነሳው የብረቱ ጩኸት በቀጥታ መንጋጋው ውስጥ ገባ፤ አንድ ቁልፍ ሳይጨርስ አጠፋው። ልብስ ሰፊው ከጎን አንገቱን ብቅ አድርጎ ቅርንፉድ ሰጠው። «በታመመው በኩል ነክሰህ ያዝ» አለው። ነከሰ። ለአምስት ደቂቃ ያህል ምላሱ፣ ከንፈሩና አገጩ ደነዘዙ፤ ጥርሱ ብቻ ነቅቶ ቀረ። በረዶ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ጉንጩ ላይ ያዘ። ይሄ ትንሽ ረዳው፤ በረዶው ግን ቀለጠና ሸሚዙ ውስጥ ወረደ። አንዲት ደንበኛ መጥታ ቁልፍ እንዲቀርጽላት ስትጠይቀው ነገ ተመለሺ ሊላት ፈልጎ ከአፉ የወጣው «ነጋ» ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ሰማዩን አየት አድርጋ ሄደች።

እህቱ ትዝ ያለችው ያን ጊዜ ነው።

ታላቅ እህቱ አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምራ ጡረታ የወጣች ናት። አርባ ዓመት መቆም ጉልበቷን በልቶታል፤ ከቤቷ ከፋርማሲው ያልተናነሰ ማስታገሻ እንደማይጠፋ ዘመድ ሁሉ ያውቃል። ልጁ እዚያ አልደወለችም፤ መደወልም አያስፈልጋትም ነበር። አባቷ እዚያ ቤት እንደማይሄድ ታውቃለች። ከሦስት ዓመት በፊት በበኩር ወንድ ልጁ ሠርግ ላይ እህቱ ማይክ ተቀብላ ስለ ወንድሟ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ አለች። ልጅ እያለ ትምህርት ቤት ክትባት ሊሰጡ ሲመጡ፣ መርፌው ገና ሳይነካው ራሱን ስቶ እንደወደቀ፣ እሷም በጀርባዋ አዝላ ቤት እንዳደረሰችው በዝርዝር አወራች። ሁለት መቶ እንግዳ ሳቀ። የሙሽራዋ አባት ሳቁን ማቆም አቅቶት ውሃ ሰጡት። ካቻቢቴ ዝግጅቱ ሲያበቃ እህቱን ጥግ ይዞ «ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጪ» አላት። እሷም ቃሉን አከበረችለት።

ሦስተኛ ፎቅ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ጥርሱን ይመታዋል። በሩ ላይ ደርሶ ምን እንደሚል ሲያስብ ከውስጥ ኮቴ ሰምታ ኖሮ ከፈተችው። ተያዩ። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ የዓይኖቿ ቆብ ከእንቅልፍ እንደተነሳ ሰው አብጧል።

«ቁልፍሽ እንዴት ነው?» አለ።

«ደህና ነው።»

«አያስቸግርም?»

«ከሰው ይሻላል» አለችና መንገድ ለቀቀችለት።

ሳሎኑ እንደ ድሮው ነው። ድሮም ከመጽሐፍ መደርደሪያው አጠገብ የሚያነክስ ወንበር ነበር፤ ዛሬም እዚያው ቆሟል። ካቻቢቴ እንዳይወድቅ ተጠንቅቆ ተቀመጠበት። ጎረቤት ቤት ውሃ ሲፈስ ይሰማል፤ ታች መንገድ ላይ መኪና ጡሩንባ ያሰማል። ካቻቢቴ ስለ አየሩ አንድ ነገር ሊል አስቦ ተወው። እህቱ ጉንጩን አይታ ስታበቃ ምንም ሳትጠይቅ ወደ ማዕድ ቤት ገባች፤ ስትመለስ የያዘችው ትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ካቻቢቴ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ሀብት አይቶ አያውቅም፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ብርቱካናማ።

«ይሄ ቀዩ ኃይለኛ ነው» አለች ጌጥ እንደሚያሳይ ሰው እያነሳች። «ቢጫው ሆድ ያቃጥላል፣ ግን አያሳፍርም። አንተን ቀዩ ነው የሚሻልህ።» አንድ ቀይ ፍሬ መዳፉ ላይ አኖረችለት፤ ለራሷም ሁለት አፏ ውስጥ ጣል አድርጋ ያለ ውሃ ዋጠች። ለእንግዳ ክብር እንደሚቀምስ ባለቤት ነበር የዋጠችው።

«በቀን ስንት ነው የምትወስጂው?» አለ።

«እንደ ደረጃው ነው። ለመውረድ ሁለት፣ ለመውጣት ሁለት። ሌሊት ካመመኝ ደግሞ አንድ።»

ኪኒኑ መዳፉ ላይ ነው። ላቡ ቀለሙን ማቅለጥ ጀምሯል። ወደ አፉ ሊያነሳው ሲል ዓይኑ እህቱ እግር ላይ አረፈ። ነጠላ ጫማዋ በጎኑ በመቀስ ተቀድዷል፤ እግሯ እንዲገባ። ከሁለት ዓመት በፊት እሱም የራሱን እንዲሁ በመቀስ ቀድዶት ነበር፤ በዚያው በጎኑ፣ በዚያው ቦታ። ጥርሱን ለአፍታ ረሳው። ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከ። እህቱ «ምን ነካህ?» እያለች እግሯን ልትሰበስብ ስትል ያዘና በአውራ ጣቱ ቅልጥሟን ጫን አድርጎ ለቀቀ። ጣቱ ከተነሳ በኋላ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። እሱንም ሐኪሙ እንዲህ ነበር ያደረገው።

«እትዬ፣ እግርሽ ካበጠ ስንት ጊዜው ነው?»

«ዕድሜ ነው። መቆም ነው።»

«ጡረታ ወጥተሻል እኮ። አሁን የት ነው የምትቆሚው?»

እህቱ ለተማሪ ጥያቄ መልስ ስታጣ መጽሐፍ እንደምትገልጥ አስተማሪ፣ ኪኒኖቹን በቀለም በቀለም ትደረድር ጀመር። ካቻቢቴ ተነሣ። በእጁ የያዘውን ቀይ ፍሬ ከጓደኞቹ ጋር ቀላቀለው፤ መንጋጋው በሙሉ ኃይሉ ተቃውሞ አሰማ። «ውሃ ስጪኝ» አላት። ወደ ማዕድ ቤት ስትዞር ሁሉንም ወደ ከረጢቱ መልሶ ከረጢቱን ጃኬቱ ውስጥ ሸጎጠና በሩ ላይ ደረሰ። በሩ ግን ከውስጥ በሁለት ዙር ተቆልፏል፣ ቁልፉም በሩ ላይ የለም።

«ቁልፍ ሠሪ ሌባ!» አለች እህቱ ብርጭቆውን ይዛ ከኋላው ቆማ። «ሦስት ዓመት ጠፍተህ መጥተህ የአሮጊት መድኃኒት ትሰርቃለህ?»

«ይሄ መድኃኒት አይደለም» አለ። ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ አፉን በግማሽ እየከፈተ፣ በእጁ ጉንጩን ደግፎ፣ ግማሹን ቃል እየዋጠ። በግማሽ ጉልበት ስለሚሠሩት ኩላሊቶቹ፣ ስለ ጨው አልባ ምግቡ፣ በየሦስት ወሩ ለምርመራ ስለሚሰጠው ደም። ዘመዱ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ለሷ ግን እንዳይነግሯት እሱ ራሱ ከልክሎ ነበር። እህቱ ቆማ ሰማችው።

«እና ጥርሱን ለምን አላስነቀልክም?» አለች በመጨረሻ።

«ሥራ በዛብኝ።»

«ዋሸህ።»

«ዘነበ።»

«መርፌ ፈርተህ ነው» አለች። ከሠርጉ ቀን ወዲህ ይህን ቃል የደገመ ሰው አልነበረም። ካቻቢቴ ሊቆጣ አሰበና አፉ አልተባበረውም።

«አንቺስ ምርመራ ለምን አልሄድሽም?»

«እኔ መርፌ አልፈራም።»

«ሌላ ነገር ትፈሪያለሽ።»

ውሃው ጎረቤት ቤት መፍሰሱን አቆመ። እህቱ ብርጭቆውን ራሷ ጠጣችው። ከዚያ ከአንገቷ ላይ በክር የታሰረውን ቁልፍ አወጣችና «አንተ አፍህን ከከፈትክ እኔ ክንዴን እሰጣለሁ» አለች። «ግን መጀመሪያ አንተ።»

«ታላቅ አንቺ ነሽ። መጀመሪያ አንቺ።»

በዚህ ጉዳይ ላይ ተከራክረው ሳይስማሙ ደረጃውን ወረዱ፤ እሷ እሱን ተደግፋ፣ እሱ ጉንጩን ተደግፎ። ክሊኒኩ ብዙ ሩቅ አይደለም፤ እነሱ ግን አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። ልጁ ከሥራ አስፈቅዳ ቀድማ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አባቷ በሦስተኛው ቀጠሮም እንደሚቀር እርግጠኛ ሆና የምትናገረውን ቁጣ እያዘጋጀች። አባቷ ከአክስቷ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዞ ከማዕዘኑ ሲታጠፍ ስታይ ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት። ካቻቢቴ ከረጢቱን ከጃኬቱ አውጥቶ እጇ ላይ አኖረላት። «ከነዚህ አንዱንም አልዋጥኩም» አላት። «ቁጠሪ ብልሽም አትችይም።»

እህቱ ምድር ቤት ባለው ላቦራቶሪ ደሟን ሰጠች። ፊቷን እንኳ አላዞረችም፤ መርፌው ሲገባ ወንድሟን ነበር የምታየው፣ እሱ ደግሞ ኮርኒሱን። ከዚያ ወደ ላይ ወጡ። የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ልጁ ስለ አባቷ ጽፋ የሰጠቻትን ማስታወሻ በጥንቃቄ አነበበች፣ ስለ ኩላሊቱ ጠየቀች፣ ጥርሱን በትንሽ ብረት መታ መታ አደረገች። ካቻቢቴ ከወንበሩ ግማሽ ክንድ ያህል ተነሣ። «ይሄ አይድንም፣ አባባ። ይነቀላል። በሚስማማዎ ማደንዘዣ ነው፣ አይሰማዎትም» አለችው። መርፌዋን ስታነሳ የወንበሩን እጀታ ጨበጠ፤ የጣቶቹ አንጓ ነጣ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ክፍሉ በዝግታ መዞር ጀመረ።

በሩ ተከፈተና እህቱ ገባች። ማንም አልጠራትም። «ሰባት በስምንት!» አለች በአስተማሪ ድምፅ።

ካቻቢቴ አፉ ተከፍቶ ስለነበር በጣቶቹ አምስት፣ ከዚያም ስድስት አሳየ።

«ዘጠኝ በስድስት!»

አምስት፣ አራት።

«አሥራ ሦስት በሰባት!»

እዚህ ላይ ተቸገረ። ግንባሩን ቋጥሮ ሲያስብ፣ ዘጠኝ ጣት አሳይቶ አንዱን ሊጨምር ሲል ሐኪሟ መርፌዋን ሳህኑ ላይ መለሰች። «ጨርሻለሁ» አለች። «ለመልሱ ግን እኔም ወረቀት ሳያስፈልገኝ አይቀርም።»

ከዚያ ወዲያ ያለው ጥቂት መገፋትና መጎተት፣ የሚያስፈራ ግን የማያም ድምፅ ነበር። መንጋጋው ወጥቶ ሳህኑ ላይ ሲወድቅ ሦስት ሳምንት ያንገላታው ነገር ይህን ያህል ትንሽ መሆኑ አበሳጨው። ሐኪሟ ቦታው ላይ ጥጥ አድርጋ አስነከሰችው። «ግማሽ ሰዓት አጥብቀው ይንከሱት። መትፋት የለም፣ መጉመጥመጥ የለም፣ መናገር የለም።»

«መናገር የለም?» አለች እህቱ።

«የለም።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ፣ እማማ።»

እህቱ ሰዓቷን አየች።

የላቦራቶሪው ውጤት የመጣው ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር እንደተቀመጡ ነው። የክሊኒኩ ሐኪም ራሱ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ኩላሊቷ ተጎድቷል አለ፤ ግን ገና በጊዜ ነው። ማስታገሻዎቹ ከዛሬ ጀምሮ ይቆማሉ፣ ለጉልበቷ ሌላ ሕክምና አለ፣ በሁለት ሳምንት ትመለስ። እህቱ ስለ ደረጃው ልትከራከረው ጀምራ ነበር፤ ካቻቢቴ ጥጡን ነክሶ በጉሮሮው «እምም!» ሲል ተወችው። ልጁ የታዘዘውን ልታመጣ፣ ከረጢቱንም እንዲያስወግዱላት ልትጠይቅ ወረደች። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«እንግዲህ» አለች እህቱ፣ «ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩት ነው። አሥራ ሰባት ደቂቃ ይቀርሃል።»

መጀመሪያ ሰደበችው። ኩሩ፣ ግትር፣ ለቀልድ የማይበቃ ሰው መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል አስረዳችው። ሠርጉ ላይ ሰዎች የሳቁት በሱ እንዳልሆነ ነገረችው፤ ያን ቀን ስታዝለው እሷም የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፣ ሁለት ጊዜ አብራው ወድቃለች፣ ታሪኩን የተናገረችውም ትልቅ ሰው ሆኖ ልጁን ሲድር ስታይ ደስታው አላስችል ስላላት ነው። ከሠርጉ በኋላ ባለው ሳምንት ይቅርታ ልትጠይቀው ቤቱ መጥታ ነበር። አራተኛ ፎቅ ወጥታ በሩ ላይ ስትደርስ ከውስጥ ከልጁ ጋር ሲስቅ ሰማችው። እንዲህ እየሳቀ እኔ አላስፈልገውም ብላ ሳታንኳኳ ወረደች። በማግስቱ ጉልበቷ አብጦ መነሣት አቃታት፤ ቀዩን ኪኒን በቀን አራት መዋጥ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። «ከጉልበቴ ይልቅ ሌላ ነገር ነበር ያመመኝ» አለች፤ «ለሱ የሚሸጥ አላገኘሁም።» ይህን ስትል አላየችውም፤ የተቃራኒውን ግድግዳ ነበር የምታየው። ከዚያ ስለ ሞተችው ባለቤቱ አወራች፣ ስለ እናታቸው፣ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ በመስኮት አይታው ልትጣራ ብላ ስለ መተዋ።

ኮሪደሩ ባዶ ሆኗል። ጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን እየወለወለች መጥታ እግራቸውን እንዲያነሱ ጠየቀቻቸው፤ ሁለቱም እንደ ልጆች አነሱ። የካቻቢቴ ከንፈር ድንዛዜ እየለቀቀው ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ በማደንዘዣው ሊሆን ይችላል።

ልጁ መድኃኒቱን ይዛ ተመለሰች። የግድግዳውን ሰዓት አየች። «አባዬ፣ ግማሽ ሰዓቱ ካለፈ ቆይቷል እኮ» አለችው። «ጥጡን አውጣው፤ አሁን መናገር ትችላለህ።»

እህቱ በመሐል ንግግሯን አቋርጣ ወደ ወንድሟ ዞረች። ካቻቢቴ ልጁን አየ፣ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ጥጡን አጥብቆ ነከሰና በእጁ ለእህቱ ቀጥዪ አላት።